ስልካችሁ የማያወጣውን ድምፅ ጆሯችሁ ለምን ይሰማዋል?

ሁዳዴ ላይ ነው። ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተጣበን ተቀምጠናል። ከፊቴ ያለው ልጅ ስልኩን አውጥቶ በገና ከፈተ። ኢርፎን የለም፣ ብሉቱዝ የለም፣ በስልኩ በራሱ ስፒከር ነው። ሲንጫጫ የነበረው ተሳፋሪ አንድ በአንድ ዝም አለ። ረዳቱ እንኳን ሂሳብ ሲቀበል ድምፁን ቀነሰ።

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። በገና ደረት ውስጥ ነው የሚሰማው፣ ይሄ ጥላው ነው አሉኝ።

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ነው ያሰብኩት። የስልክ ስፒከር የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። በገና ግን ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ፣ ድምፁም ከክራርና ከማሲንቆ በጣም የወፈረ ነው። ያ ሁሉ ድምፅ በዚች ቀዳዳ እንዴት ወጣ?

ቤት ገብቼ ሳነብ መልሱ አስገረመኝ። አልወጣም። ወፍራሙ ድምፅ ከስልኩ ከነጭራሹ አልወጣም። የሰማነው እኛው ራሳችን ጭንቅላታችን ውስጥ ሠርተነው ነው።

እንዴት? ቀስ ብለን እንሂድበት።

ጅራፍ ለምን ዜማ አይሆንም?

የደብረ ታቦር ልጆች ይሄን በቡሄ ያውቁታል። ነሐሴ 13 ሲደርስ ጅራፉ ይጮሃል። ጅራፍ የሚጮኸው ግን መሬት ስለመታ አይደለም፤ ምንም ሳይነካም ይጮሃል። ምክንያቱ ፍጥነት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰዓት ሲታሰብ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በደንብ የተወነጨፈ ጅራፍ ጫፉ ከዚህ ፍጥነት ያልፋል፤ አየሩ በአንዴ ይጨመቅና ይፈነዳል። ከድምፅ የሚፈጥን ጄት ሲያልፍ የሚሰማው ፍንዳታም ያው ነው፣ መጠኑ ነው የሚለየው። እረኛው ልጅ ሳያውቀው የፊዚክስ ሙከራ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ግን የጅራፍ ጩኸት ዜማ አይደለም። አየሩን አንዴ ገፋው፣ አለቀ። ዜማ የሚወጣው ግፊያው እኩል በእኩል ሲደጋገም ነው። የክራር ክር ስትነካ ወዲያና ወዲህ ትርገበገባለች። በሴኮንድ 220 ጊዜ ከተርገበገበች ድምፁ 220 ኸርዝ ነው ይባላል። ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲቀንስ ይወፍራል። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ይሰማል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። 220 እጥፍ ሆኖ 440 ሲሆን ድምፁ ይቀጥናል እንጂ ሌላ ድምፅ አይመስለንም፤ ያው ድምፅ ከፍ ብሎ የተደገመ ነው የሚመስለን። ሰርግ ላይ ወንዶችና ሴቶች አንድ ዘፈን አብረው ሲቀበሉ አንዱ በወፍራም፣ ሌላው በቀጭን ድምፅ ነው። ግን ማንም ሰው ሁለት ዜማ ሰማሁ አይልም።

ዋሽንት ብርድ ይሰማዋል

ዋሽንት ቀላል ይመስላል። ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ ሸምበቆና አራት የጣት ቀዳዳ፣ በቃ። የሚርገበገበው ሸምበቆው ሳይሆን ውስጡ ያለው አየር ነው። ስሌቱን በስልካችሁ ካልኩሌተር ሞክሩት። የድምፅን ፍጥነት ለዋሽንቱ ርዝመት እጥፍ አካፍሉ። ዋሽንቱ ግማሽ ሜትር ከሆነና ቀዳዳዎቹ ሁሉ ከተደፈኑ 340 ሲካፈል ለ1፣ ወደ 340 ኸርዝ አካባቢ ይመጣል። ጣት ሲነሣ የአየሩ ዓምድ ያጥራል፣ ድምፁም ይቀጥናል።

አሁን ወደ ደጋ እንውጣ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው። ጣና ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው ከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅም ይለወጣል ብሎ ያስባል። የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው ግን የአየሩ መሳሳት አይደለም፣ ሙቀቱ ነው። በ10 ዲግሪ ብርድ ድምፅ በሴኮንድ 337 ሜትር፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት ደግሞ 346 ሜትር ያህል ይሄዳል።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል አይደል? ለጆሮ ግን ትንሽ አይደለም። ከአንድ የኪቦርድ ቁልፍ አጠገቡ ወዳለው ቁልፍ ያለውን ርቀት ግማሽ ያህላል። ስለዚህ ያው ዋሽንት በማለዳ ብርድ ጉና ሥር ሲነፋ ከቀትሩ የጣና ዳር ሙቀት ይልቅ ወፈር ይላል። ትንፋሽ ሸምበቆውን ሲያሞቀው ደግሞ ቀስ በቀስ ይቀጥናል። ዋሽንት ነፊ ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ትንፋሽ የሚሰጠው ወዶ አይደለም።

አባትን በልጆቹ መልክ ማወቅ

አሁን ወደ ሚኒባሷ እንመለስ።

አንድ ክር ሲመታ አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም የሚያወጣው። ክሩ በሙሉ ርዝመቱ ይርገበገባል። በዚያው ሰዓት ለሁለት ተከፍሎ፣ ለሦስት ተከፍሎ፣ ለአራት ተከፍሎም ይርገበገባል። መሠረቱ 100 ኸርዝ ከሆነ 200፣ 300፣ 400፣ 500 እያሉ የሚከተሉ አጃቢ ድምፆች አሉት። እኛ ለየብቻ አንሰማቸውም፣ ተዋህደው አንድ ድምፅ ይሆኑብናል። ክራርና ዋሽንት አንድ ዓይነት ድምፅ ሲያወጡ እንኳን የምንለያቸው በአብዛኛው በእነዚህ አጃቢዎች ነው። የአንዱ አጃቢዎች ጠንካራ ናቸው፣ የሌላው ደካማ።

ትንሽ የስልክ ስፒከር ከጥቂት መቶ ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ በቅጡ ማውጣት አይችልም። ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር መግፋት ይፈልጋል፣ እሷ ደግሞ ያን ያህል አቅም የላትም። ስለዚህ 100 ኸርዙ ይቀራል። 300ው፣ 400ው፣ 500ው ግን ይወጣሉ።

እዚህ ላይ ነው ተአምር የሚመስለው ነገር የሚመጣው። አእምሯችን ሦስቱን ሲሰማ እኩል በ100 በ100 እንደሚራራቁ ያስተውላል። እንዲህ ሆነው የሚሰለፉት የ100 አጃቢዎች ናቸው። ስለዚህ የሌለውን 100 ራሱ ሞልቶ ያሰማናል። አባቱን አይታችሁት የማታውቁትን ሰው ወንድሞቹንና እህቶቹን አይታችሁ መልኩን እንደመገመት ነው። ልዩነቱ፣ ጆሮ ገመትኩ አይላችሁም። ሰማሁ ነው የሚላችሁ።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ አባታችሁ ሲደውሉ አስቡት። የጎልማሳ ወንድ ድምፅ መሠረቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 120 ኸርዝ አካባቢ ነው። የድሮው የስልክ መስመር ደግሞ የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነበር። የአባታችሁ ድምፅ መሠረት በመስመሩ አላለፈም ማለት ነው። ግን ማን ነው ያኔ ደውሎለት አባዬ ድምፅህ ቀጠነ ያለ?

ይሄን ነገር ጀርመናዊው አውጉስት ዜቤክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አስተውሎት ከሌሎች ሳይንቲስቶች ጋር ተከራክሮበታል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ሆላንዳዊው ያን ስሃውተን በሙከራ አጠናከረው። ዛሬ የብሉቱዝ ስፒከርና የስልክ አምራቾች አንዳንዶቹ ይሄንኑ ዘዴ ይጠቀሙበታል። ቤዙን ሳያወጡ፣ ያወጡ እንዲመስላችሁ ያደርጋሉ።

በሚኒባሷ ውስጥ የነበሩት አባትም ግን አልተሳሳቱም። አእምሮ የድምፁን ውፍረት መሙላት ይችላል፣ ደረትን መንቀጥቀጥ ግን አይችልም። ደረት የሚነካው አየሩ በእውነት ሲገፋ ነው። ጥላው ነው ያሉት ልክ ነበር።

እንዚራ፦ ትንሿ ቆዳ

በገና አሥር አውታር አለው። አውታሩ በባህሉ ከበግ አንጀት ነው የሚሠራው። አውታሮቹ ገበቴው ላይ በተቀመጠው በርኩማ፣ ማለትም በድልድዩ ላይ ያልፋሉ። እያንዳንዱ አውታር በርኩማውን በሚነካበት ቦታ ላይ ደግሞ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ አለች። እንዚራ ትባላለች።

እንዚራን በትክክለኛ ቦታዋ ማስቀመጥ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ቦታዋን ስታገኝ አውታሩ ሲርገበገብ በርኩማውን በስሱ ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ ያደርጋል። ያ እንደ ንብ መንጋ ዝዝዝ የሚለው የበገና ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ነካ ለቀቅ ማለቱ አጃቢ ድምፆቹን ያበዛቸዋል፣ ያጠነክራቸዋል። እንዚራ ከሌለች በገናው ዝም አይልም፤ ግን ድምፁ ደብዛዛና አጭር ይሆናል።

ሕንዶችም ይሄን ምስጢር ያውቁታል። ታንፑራ በሚባለው መሣሪያቸው ላይ በክሩና በድልድዩ መካከል ቀጭን የጥጥ ክር አስገብተው ያንኑ ዓይነት ዝዝታ ያወጣሉ። ቤልጅየማዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ስቴፋኒ ቫይሰርም የበገናን ድምፅ ለዓመታት አጥንታለች።

አሁን ሁለቱን ነገሮች አገናኙ። ስልክ ወፍራሙን ድምፅ ይጥላል፣ አጃቢዎቹን ያስተላልፋል። እንዚራ ደግሞ አጃቢዎቹን ታበዛለች። ማለትም ያቺ ትንሽ ቆዳ፣ ስልክ የሚባል ነገር ሳይታሰብ በፊት፣ በገና በስልክ እንዲሰማ አድርጋ አዘጋጅታዋለች። የሚኒባሷን ተሳፋሪ ዝም ያሰኘችው እሷ ናት።

አባቶች በገናን የዳዊት መሣሪያ ይሉታል። በባህላችን የምስጋናና የጸሎት፣ የዐቢይ ጾም መሣሪያ ነው። ክራር ደግሞ የመዝናኛ ነው፤ በአፈ ታሪክ የሰይጣን መሣሪያ እስከ መባል ደርሷል። በሳይንስ ዓይን ግን ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ገበቴ፣ ሁለት ቋሚ፣ አንድ ቀንበርና ክር ናቸው። የሚለያቸው መጠን፣ የክሩ ብዛትና ይቺ ዝዝ የምትል ቆዳ ናት። አንዱን ቅዱስ፣ አንዱን ዓለማዊ ብሎ መስማት ጆሯችን የተማረው ነገር ነው። መማሩ ግን ስሜቱን ውሸት አያደርገውም።

በነገራችን ላይ ዛሬ ብዙ ወጣት በገና ሲማር ስታዩ፣ ከኋላ የእነ ዓለሙ አጋ ድካም እንዳለ አትርሱ። እሳቸው እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1980 በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተምረዋል። የበገና ቅጂያቸውም ኢትዮፒክስ በሚባሉት ተከታታይ አልበሞች 11ኛው ሆኖ ዓለም ሰምቶታል።

ትዝታ የሚያሳዝነን ለምንድን ነው?

ይሄ ጥያቄ እኔን በጣም ነው የሚያስቸግረኝ።

ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። እነዚህ አምስት ድምፆች የእኛ ብቻ አይደሉም። ቻይናዎች ይጠቀሙባቸዋል፣ ስኮትላንዶች ይጠቀሙባቸዋል። ስኮትላንዱ በእነሱ ይጨፍራል። እኛ ደግሞ ወጥ እያማሰልን ሬዲዮ ላይ ስንሰማቸው የሞተ ዘመድ፣ የራቀ ፍቅር፣ የልጅነት ሰፈር ትዝ ይለናል። ድምፆቹ አንድ ከሆኑ ሐዘኑ የት ነው ያለው?

ተመራማሪዎች ይሄን ለመለየት ራቅ ወዳሉ ሰዎች ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት ቶማስ ፍሪትስና ባልደረቦቹ በሰሜን ካሜሩን ተራሮች የሚኖሩ፣ የምዕራብ ሙዚቃ ሰምተው የማያውቁ የማፋ ሰዎችን ሙዚቃ አሰሟቸው። ደስ የሚለውን፣ የሚያሳዝነውንና የሚያስፈራውን መለየት ችለዋል። ስለዚህ የሰው ልጅ ሁሉ የሚጋራው ነገር አለ። ፍጥነትና የድምፅ ከፍታ ልክ እንደ ሰው ንግግር ስሜት ይናገራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጆሽ ማክደርሞትና ባልደረቦቹ ቦሊቪያ ደን ውስጥ የሚኖሩ የቺማኔ ሰዎችን አጠኑ። የምዕራቡ ጆሮ የሚስማማ የሚለውን ጥምር ድምፅና የማይስማማ የሚለውን አሰሟቸው። ለቺማኔዎቹ ሁለቱም እኩል ደስ የሚሉ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ቅድም ያልኳችሁ ነገር፣ እጥፍ ሲሆን ያው ድምፅ ይመስለናል ያልኩት፣ ለእነሱ እንደዚያ እንዳልሆነ ታየ። እኛ ተፈጥሮ ነው የምንለው አንዳንዱ ነገር ትምህርት ነው ማለት ነው።

የትዝታ ሐዘን እንግዲህ ከሁለቱም የተሠራ ይመስለኛል። አንዱ ክፍል ቀስ ማለቱ፣ ድምፁን መጎተቱና ማንቀጥቀጡ ነው። ይሄ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነው፣ ማንም ይገባዋል። ሌላው ክፍል ግን ስሙ ራሱ ነው። ትዝታ ብለን ጠርተነው፣ ከእናታችን ጋር ሰምተነው፣ ሲለቀስበት አይተን አድገናል።

የኛ አካባቢ ይሄን ከሳይንስ በፊት በሥራ ያውቀዋል። ጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ዙር አባም ጋይንት ናት፣ የዝማሬና መዋሥዕት ቤት። ከየሀገሩ የመጡ ተማሪዎች ዜማን የሚማሩት በዋናነት በጆሮ ነው። መምህሩ ይላሉ፣ ተማሪው ይቀበላል። በድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ የሚታዩት ትንንሽ ምልክቶች እንደ ፒያኖ ኖታ ይሄን ድምፅ አውጣ አይሉም። ቀድሞ በጆሮ የተጠናን የዜማ ሐረግ የሚያስታውሱ ናቸው። ካልተማራችሁት ምልክቱ ብቻውን አይነግራችሁም። ጆሮ የሚማር አካል ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ ብሎ ዜማውን በሦስት ሲከፍል አራራይ የሚያራራ፣ ልብ የሚያባባ ተብሎ ይተረጎማል። ታሪኩንም ታውቁታላችሁ። በአክሱም ንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጠው ጦራቸው እግሩን ወጋው፤ ንጉሡም አላወቁ፣ እሱም አልተሰማው። ታሪኩን ሳይንስ አረጋገጠ ማለቴ አይደለም፣ የእምነትና የትውፊት ነው። ግን ሙዚቃ ሕመም እንደሚያስታግስ ሐኪሞችም ይስማሙበታል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጥናት 73 ሙከራዎች ተገምግመው፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ሙዚቃ ሲሰሙ ሕመማቸውና ጭንቀታቸው እንደሚቀንስ ታይቷል።

ማሲንቆውን ከቅኝት ወጣ ያልን ጊዜ

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ።

ሐሙሲት አንድ ሰርግ ላይ ነው። ዳሱ ውስጥ ኪቦርድ አለ፣ ትልልቅ ስፒከሮች አሉ። አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ አዝማሪ ማሲንቷቸውን ይዘው መጡ። ከኪቦርዱ ጋር ሊጫወቱ ሲሞክሩ የሆነ የሚያውክ፣ የሚወዛወዝ ድምፅ ወጣ። ሳውንዱን የያዘው ልጅ በማይክ ጋሼ ከቅኝት ወጥተዋል አላቸው። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው መቃኛውን ጠምዘዝ ጠምዘዝ አድርገው ኪቦርዱን ሊመስሉ ሞከሩ፣ ትንሽ ተጫውተው ወጡ።

ያ የሚወዛወዝ ድምፅ ምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። አንዱ መሣሪያ 220፣ ሌላው 224 ኸርዝ ሲያወጣ ድምፁ በሴኮንድ አራት ጊዜ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ሁለት ሰው እርምጃቸው ሳይገጥም አብረው ሲሄዱ አንዴ እንደሚገጥሙ፣ አንዴ እንደሚለያዩ ማለት ነው። ይሄ ሁለቱ አልገጠሙም ይላል እንጂ ከሁለቱ ማን እንደተሳሳተ አይናገርም።

ኪቦርድ ከፋብሪካ ሲወጣ እጥፉን ለ12 እኩል ክፍል ከፍሎ ነው። ላ የምንለው ድምፅ 440 ኸርዝ ይሁን የተባለውም ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ስምምነት ነው። ማሲንቆ ግን ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ነው። ጊታር ላይ እንዳለው የብረት ክፍልፋይ የለበትም። ጣት የፈለገበት ላይ ያርፋል። አዝማሪው ማሲንቆውን የሚቃኘው ለራሱ ድምፅ እንዲስማማ አድርጎ ነው። በኪቦርድ ሁለት ቁልፎች መካከል ያሉ ድምፆች ለእሱ ስህተት አይደሉም፣ ቤቱ ናቸው።

ስልካችን ላይ የምናወርዳቸው የመቃኛ አፖችም ያው ናቸው። ክራር የሚማር ጓደኛ ካላችሁ ጠይቁት። በጆሮው አሳምሮ የቃኘውን ክራር አፑ በቀይ መብራት ተሳስተሃል ይለዋል። አፑ የሚያውቀው 12ቱን ክፍል ብቻ ነው። ከኪቦርድ ጋር አብሮ ለመጫወት አፑ ይጠቅማል፣ አልክድም። ለብቻችሁ ስትጫወቱ ግን የመጨረሻው ዳኛ አፑ መሆን የለበትም። ጆሮ የሚማረውን ነው የሚሰማው ካልን፣ ኪቦርድና አፕ ብቻ እየሰማ ያደገ ልጅ ነገ እኒያን አዝማሪ በእውነት የተሳሳቱ ሆነው ነው የሚሰማቸው። ያኔ የሚጠፋው ማሲንቆው ሳይሆን ማሲንቆ የሚሰማ ጆሮ ነው።

ጆሮ ደግሞ መለዋወጫ የለውም

የዚያን ቀን ሌላም ጥፋት ሠርቻለሁ። ከስፒከሩ ሥር ቆሜ ነው ያመሸሁት። ቤት ስገባ ጆሮዬ ጭውውው ይላል። በማግስቱም አልተወኝም።

ውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ቀንድ አውጣ የመሰለ፣ ፈሳሽ ያለበት ትንሽ ቱቦ አለ። ውስጡ በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ተደርድረዋል። ቀጭን ድምፅ መግቢያው አጠገብ ያሉትን፣ ወፍራም ድምፅ ጫፍ ላይ ያሉትን ያንቀሳቅሳል። ይሄን ያሳየው ጌዮርግ ቤኬሺ እ.ኤ.አ. በ1961 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። የሰው ልጅ እነዚህ ሕዋሳት ሲሞቱ እንደገና አይበቅሉለትም። የራስ ፀጉር ይበቅላል፣ ይሄኛው አይበቅልም።

በጩኸት በአብዛኛው ቀድመው የሚጎዱት የቀጭን ድምፅ ሕዋሳት ናቸው። ለዚህ ነው ጆሮው የተጎዳ ሰው ድምፅህ ይሰማኛል፣ የምትለው ግን አይለይልኝም የሚለው። ሰ፣ ፈ፣ ሸ የመሳሰሉት ቀጭን ስለሆኑ ያመልጡታል። ከዚያ ጋር አጃቢ ድምፆቹም ይደበዝዛሉ። እንዚራ ያበዛችው ያ ዝዝታ ሳይቀር።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ12 እስከ 35 ዓመት ካሉት ውስጥ ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች ድምፅ አብዝተው በመስማት ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው ይላል። ልኩንም አስቀምጧል። በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት መስማት ይቻላል። 90 ዴሲቤል ከሆነ ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። አሥር ብቻ ጨምሮ ሰዓቱ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። በቀላሉ፣ ቮልዩሙን ከ60 በመቶ አታሳልፉት። ሰርግ ላይ ከስፒከሩ ራቁ። ጆሯችሁ ጭው ካለ አሳርፉት፤ ካልተወ ሐኪም ጋ ሂዱ።

እስቲ ዛሬ ማታ ሞክሩት

አንድ በገና በስልካችሁ ስፒከር ክፈቱ። ከዚያ ያንኑ በጥሩ ኢርፎን፣ ቮልዩሙን ዝቅ አድርጋችሁ ስሙት። ስልኩ የጣለውንና እናንተ ስትሞሉት የነበረውን ታገኙታላችሁ። ከዚያ ዕድሉ ከተገኘ በገና ደርዳሪ አጠገብ ቁጭ በሉ። ሦስቱ አንድ አይደሉም። ሚኒባሷ ውስጥ ደረት ያሉኝ አባት ምን ማለታቸው እንደነበር ያኔ ይገባችኋል። እኔም የገባኝ እንደዚያ ነው።

እኒያን አዝማሪ ደግሞ ካገኘኋቸው ያለ ኪቦርድ እንዲጫወቱልኝ ነው የምለምናቸው። እናንተ ሰፈር ማሲንቆ፣ ዋሽንት ወይ በገና የሚጫወት ሰው ካለ፣ ድምፃቸውን ከመቅረጻችሁ በፊት አስፈቅዷቸው፣ ከዚያ ቅረጹና ለጓደኛ ላኩ። አፑ ቀይ ቢያበራም ግድ የለም።